አዲስ ደንበኛ መጣ፤ ማነው? የሒሳብ ባለሙያ ሥራውን ከመቀበሉ በፊት ምን ያጣራል?

ሒሳብ ተምራችሁ ሥራ ለጀመራችሁ፣ ቢሮ ተከራይታችሁም ሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ከቤት ለምትሠሩ ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት፤ ረዘም ይላል። ነገሩ አዲስ ደንበኛ በመጣ ቁጥር መነሳት ስላለባቸው ሁለት ጥያቄዎች ነው። አንደኛው፣ ይህ ሰው ከሥልጣን ጋር ምን ግንኙነት አለው? ሁለተኛው፣ የእሱ ወይም ከኋላው ያለው ሰው ስም የማዕቀብ ዝርዝር ላይ አለ ወይ?

«እኔ መዝገብ ነው የምይዘው፣ ግብር ነው የማሰላው፣ ይሄ የባንክ ሥራ ነው» የሚል ብዙ ባለሙያ አለ። ባንክ ግን የሚያየው ወረቀት ነው። ያንን ወረቀት፣ ማለትም ትርፍና ኪሳራውን፣ የኦዲት ሪፖርቱን፣ የካፒታል ማሳደጊያውን ሰነድ የሚያዘጋጀው የሒሳብ ባለሙያው ነው። የተሰረቀ ገንዘብ የንግድ ትርፍ መስሎ እንዲታይ ከተፈለገ የሆነ ቦታ ላይ አንድ ሰው ፊርማ ማኖር አለበት። ብዙ ጊዜ ያ ሰው የእኛ የሙያ ባልደረባ ነው።

ለዚህ ነው ሕጎቹ የሒሳብ ባለሙያን ከባንክ ጎን ያሰለፉት። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ፋትፍ የሚባለው፣ ጽሕፈት ቤቱ ፓሪስ የሆነው ዓለም አቀፍ ግብረ ኃይል ባወጣቸው 40 ምክረ ሐሳቦች ውስጥ ቁጥር 12 ስለ ባለሥልጣናት ያወራል። ቁጥር 22 ደግሞ ግዴታውን ወደ ጠበቃ፣ ኖታሪና የሒሳብ ባለሙያ ያወርደዋል። ባለሙያው ለደንበኛው ኩባንያ ሲያቋቁም፣ ንብረት ሲያሻሽጥ፣ የባንክ ሒሳብ ወይም ገንዘብ ሲያስተዳድር ማጣራት አለበት ማለት ነው። በእኛ አገር በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 780 በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብን ሲከለክል ግዴታ ከጣለባቸው መካከል የግል ሒሳብ ባለሙያዎችና ኦዲተሮች ይገኙበታል። በሰኔ 2017 ደግሞ ተወካዮች ምክር ቤት በዚሁ ጉዳይ አዲስ አዋጅ አፅድቋል። ጉዳዩ ለኢትዮጵያ የወረቀት ወግ ብቻ አልነበረም፤ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የፋትፍ «ግራጫ ዝርዝር» ውስጥ ገብታ የወጣችው በጥቅምት 2019 ነው።

ፔፕ ማነው?

በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ፔፕ» ይባላል። በአማርኛ ለፖለቲካ ተጋላጭ የሆነ ሰው እንበለው፤ ከፍተኛ የመንግሥት ኃላፊነት ላይ ያለ ወይም የነበረ ሰው ማለት ነው። ሚኒስትር፣ የፓርላማ አባል፣ ጄኔራል፣ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ የፓርቲ አመራር፣ አምባሳደር ብቻ አይደለም። የመንግሥት ድርጅት ዋና ሥራ አስፈጻሚም ነው። በእኛ አገር ይሄ ትልቅ ነገር ነው፤ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮ ቴሌኮም፣ አየር መንገድ፣ መብራት ኃይል የመንግሥት ናቸውና። መካከለኛና ዝቅተኛ ሠራተኛ ግን አይገባም። የወረዳ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ፔፕ አይደለም፤ ጎረቤት «ትልቅ ሰው ነው» ስላለው ብቻም ፔፕ አይሆንም።

አሁን ዋናው ነገር፦ ፔፕ ማለት ሌባ ማለት አይደለም። ፋትፍ ራሱ ይህ ማጣራት መከላከያ እንጂ ክስ እንዳልሆነ፣ ሰዎችን ለማሸማቀቅም እንዳልታሰበ ጽፏል። ፔፕ ደንበኛ መያዝ ይቻላል። ብቻ ጠጋ ብሎ ማየት ይጠይቃል፤ የበላይ ኃላፊ እያወቀ መፍቀድ አለበት፣ የሀብቱ ምንጭ መጠየቅ አለበት፣ ከተቀበላችሁት በኋላም ክትትሉ ከሌላው ደንበኛ ይጠብቃል። ለውጭ አገር ፔፕ ይህ ሁሉ የግድ ነው። ለአገር ውስጥ ፔፕ ደግሞ ሥጋቱ ከፍ ሲል።

ትንሽ የሚያስቸግረው ዙሪያው ነው። ሕጉ ሰውየውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንና የቅርብ ወዳጁን ይጨምራል። ወዳጅ የሚለው ደግሞ እኛ ጋ ሰፊ ነው። አበልጅ አለ፣ ሚዜ አለ፣ አማች አለ፣ አብሮ ያደገ የሰፈር ልጅ አለ። እነዚህ ሁሉ ፔፕ ናቸው ማለታችን አይደለም። የንግድ ሸሪክ ከሆኑ፣ ወይም ንብረት በስማቸው የሚያዝላቸው ከሆኑ ግን ናቸው።

ይህ የወዳጅ ነገር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ከደቡብ አፍሪካው የጉፕታ ጉዳይ በላይ የሚያሳይ የለም። የጉፕታ ወንድማማቾች ፖለቲከኞች አልነበሩም፤ ከሕንድ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ግን የፕሬዝዳንት ጄኮብ ዙማ ወዳጆች ነበሩ፣ የዙማ ልጅ ደግሞ የንግድ ሸሪካቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሳን ሲቲ በተባለው መዝናኛ የዘመዳቸውን ሠርግ ደገሱ። በ2017 አማቡንጋኔ የተባሉ የምርመራ ጋዜጠኞች ሾልከው የወጡ ሰነዶችን ይዘው እንደጻፉት 30 ሚሊዮን ራንድ ገደማ የሚሆነው የድግሱ ወጪ የመጣው በፍሪ ስቴት ግዛት ለድሃ ገበሬዎች የወተት ፕሮጀክት ከተመደበ የመንግሥት ገንዘብ ነው። ወጪው በጉፕታዎቹ ኩባንያ መዝገብ ላይ የሥራ ወጪ ሆኖ ተቀመጠ። የኩባንያው ኦዲተር ኬፒኤምጂ ነበር፤ የኬፒኤምጂ አጋሮችም ሠርጉ ላይ ተጋብዘው ነበር። ሠርግ በልቶ የሠርጉን ደረሰኝ ኦዲት ማድረግ ማለት ይሄ ነው እንግዲህ።

ኬፒኤምጂ ደንበኛውን የለቀቀው በ2016 ነው፤ ግን ዘግይቷል። በመስከረም 2017 የደቡብ አፍሪካው ቅርንጫፍ ሥራ አስፈጻሚና ሌሎች 7 ከፍተኛ ኃላፊዎች ለቀቁ። ድርጅቱ ከጉፕታዎቹ ያገኘውን 40 ሚሊዮን ራንድ ለበጎ ሥራ እሰጣለሁ አለ፤ ትልልቅ ደንበኞች ግን ጥለውት ሄዱ። ወንድማማቾቹ ጥፋት የለብንም ቢሉም አሜሪካ በጥቅምት 2019 የማዕቀብ ዝርዝሯ ውስጥ አስገባቻቸው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። በመጀመሪያ የባለሥልጣን ወዳጅ ነበሩ፣ ማዕቀቡ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የማዕቀብ ዝርዝር ብቻ የሚያይ ሰው በ2013 «ንጹሕ ናቸው» ብሎ ይቀበላቸው ነበር።

የቤተሰቡን ደግሞ ከአንጎላ እንይ። ኢዛቤል ዶስ ሳንቶስ አባቷ ከ1979 እስከ 2017 አገሪቱን መርተዋል። ራሷ በ2016 የመንግሥት የነዳጅ ኩባንያ የሆነው የሶናንጎል ኃላፊ ሆና ተሾመች፣ በቀጣዩ ዓመት አዲሱ ፕሬዝዳንት አነሷት። በጥር 2020 «ሉዋንዳ ሊክስ» በሚል ስም የወጡት ሰነዶች ከ400 በላይ ኩባንያዎችን ከእሷና ከባለቤቷ ጋር አያያዙ። ፒደብሊውሲን የመሰሉ ስመ ጥር ድርጅቶች ለዓመታት የሒሳብና የምክር አገልግሎት ሰጥተዋቸው ነበር። ሰነዱ በወጣ ማግስት ፒደብሊውሲ ግንኙነቱን አቋረጠ። እሷ ውንጀላውን ሁሉ ትክዳለች፤ ብሪታንያ በኅዳር 2024 ማዕቀብ ጥላባታለች። የአባቷን ሥልጣን የማያውቅ ሰው አልነበረም። ሳይጠየቅ የቀረው ጥያቄ ሀብቱ ከየት መጣ የሚለው ነው።

ማዕቀብ ግን ሌላ ነው

ፔፕ ከሆነ ጠጋ ብላችሁ ታያላችሁ። ማዕቀብ ካለበት ትቆማላችሁ፤ በቃ። «ክፍያው ጥሩ ነው፣ አንድ ወር ሠርቼ ልተወው» የሚባል ነገር የለም።

ዝርዝሮቹ ብዙ ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የፀጥታው ምክር ቤት ዝርዝር ለኢትዮጵያም ግዴታ ነው፤ አልቃይዳና አይኤስን የሚመለከተው የሚታወቀው ነው። አሜሪካ የራሷ አላት፤ የሚይዘው በግምጃ ቤት ሥር ያለው ኦፋክ ነው። የአውሮፓ ኅብረትና ብሪታንያም እንዲሁ። ሁሉም በስልክ ተከፍተው በነፃ ይፈለጋሉ። አዲስ አበባ ተቀምጦ በብር ብቻ የሚሠራ ሰው በአሜሪካ ሕግ በቀጥታ አይያዝም። ግን ደንበኛው በዶላር ሲከፍል ወይም ሲከፈለው ገንዘቡ በአሜሪካ ባንክ ያልፋል፤ እዚያ ይታገዳል። ያኔ ባንኩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሰነዱን ማን አዘጋጀው?» ብሎ ነው።

ለእኛ በጣም ቅርብ የሆነው ምሳሌ ከሰሜኑ ጦርነት ጋር የመጣው ነው። ፕሬዝዳንት ባይደን በመስከረም 17፣ 2021 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን የሚመለከት የማዕቀብ ትዕዛዝ ፈረሙ። በኅዳር 12 ኦፋክ በዚያ ትዕዛዝ መሠረት የኤርትራን መከላከያ ሠራዊት፣ ገዢውን ፓርቲ ሕግደፍን፣ ሕድሪ ትረስትንና የቀይ ባሕር ንግድ ኮርፖሬሽንን ከሁለት ግለሰቦች ጋር ዝርዝሩ ውስጥ ከተተ። የኤርትራ መንግሥት እርምጃውን አውግዟል። ለሒሳብ ባለሙያ እዚህ ውስጥ የሚታየው ነገር፣ የተዘረዘሩት ሰዎች ብቻ ሳይሆኑ የፓርቲ ኩባንያዎችም መሆናቸው ነው። ስማቸውን ስታዩት ተራ አስመጪና ላኪ ይመስላሉ።

እዚህ ላይ የ50 በመቶ ሕግ ይገባል። በኦፋክ አሠራር ዝርዝሩ ላይ ያሉ ሰዎች ተደምረው 50 በመቶና ከዚያ በላይ የያዙት ኩባንያ ስሙ ዝርዝሩ ላይ ባይኖርም ታግዷል። አንዱ 25፣ ሌላው 25 ቢይዙ ኩባንያው ገባ ማለት ነው። በብሪታንያ መለኪያው ከ50 በመቶ በላይ፣ በአውሮፓ ኅብረት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ድርሻው ትንሽ ሆኖ በተግባር የሚያዝዘው የታገደው ሰው ከሆነም ይቆጠራል። ስለዚህ የኩባንያውን ስም መፈለግ ብቻ ምንም ማለት አይደለም። መመሥረቻ ጽሑፉን አምጡ በሉ፣ ባለድርሻዎቹን አንድ በአንድ ፈልጉ። ባለድርሻው ሌላ ኩባንያ ከሆነ የሱንም አምጡ፤ ሥጋና ደም ያለው ሰው ጋ እስክትደርሱ።

አንድ ሌላ ነገር፣ ውጭ ላላችሁት። እ.ኤ.አ. በ2022 ከዩክሬን ጦርነት በኋላ አሜሪካ፣ ብሪታንያና የአውሮፓ ኅብረት ለሩሲያ የሒሳብ አገልግሎት መስጠትን ራሱን ከለከሉ። ለንደን ሆናችሁ ለአንድ ሩሲያ ላለ ድርጅት መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ማንም ሰው ዝርዝር ላይ ባይኖር እንኳ ሥራው ሕገወጥ ሊሆን ይችላል።

የሐበሻ ስም ጣጣ

ሶፍትዌሮቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። እኛ የለንም። ሁለተኛው ስም የአባት ነው፣ ሦስተኛው የአያት። የውጭ ሲስተም የመጨረሻውን «የቤተሰብ ስም» አድርጎ ይወስድና አያትን ይፈልጋል።

ፊደሉ ደግሞ አለ። ገብረሕይወት የሚለውን በእንግሊዝኛ አንዱ በ«ጂ» ይጀምረዋል፣ ሌላው በ«ጂ» እና «ኤች»። ፀጋዬን አንዱ በ«ቲ ኤስ»፣ ሌላው በ«ኤስ» ብቻ። ወልደኪዳን አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ኦፋክ በ2021 ከዘረዘራቸው ሁለት ግለሰቦች የአንዱን የአያት ስም የጻፈው «ደብሊው ኪዳን» ብሎ ነው፤ «ወልደ» የሚለው በአንድ ፊደል ቀርቷል። ሙሉውን ስም አጣርቶ የጻፈ ሰው ላያገኘው ይችላል። ስለዚህ በሦስት በአራት አጻጻፍ ፈልጉ። የኦፋክ መፈለጊያ ላይ የመመሳሰያ መጠኑን የሚቀንስ መቆጣጠሪያ አለ፤ 100 ላይ ትታችሁ «የለም» አትበሉ፣ ዝቅ አድርጉት።

ዝቅ ስታደርጉት ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል፤ መሐመድ፣ ሐጎስ፣ ተስፋዬ ሁሉ ይግተለተላል። በዚህን ጊዜ ደንበኛውን በስሙ ብቻ መመለስ ማጣራት አይባልም፤ አድልዎ ነው። ስሙ የትግርኛ ወይም የሙስሊም ስለሆነ ብቻ የሚመለስ ነጋዴ ሌላ ባለሙያ ይፈልጋል፣ ያ ደግሞ ምንም ሳይጠይቅ ይቀበለዋል። መለያው የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታ፣ ዜግነትና የፓስፖርት ቁጥር ነው። የትውልድ ቀን ላይ ካላንደሩን አትርሱ። መታወቂያው ላይ 1970 ካለ በፈረንጅ 1977 ወይም 1978 ነው፤ ዝርዝሩ ላይ 1970 ያለው ሌላ ሰው ነው። በስደት ወጥተው «ጃንዋሪ 1» የተባለላቸው ስንት ሰዎች እንዳሉም ታውቃላችሁ፤ ስለዚህ ቀኑ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ፋይዳ ያለው ደንበኛ ከሆነ የእንግሊዝኛ አጻጻፉን ከዚያ ውሰዱ፣ ቢያንስ አንድ ዓይነት ይሆናል።

የስማችን አሠራር የሚጠቅምበትም አለ። የልጅ ሁለተኛና ሦስተኛ ስም የአባት አንደኛና ሁለተኛ ስም ነው። የወንድምና የእህት ስም ከሁለተኛው ጀምሮ አንድ ነው። አንድ የውጭ ሲስተም የማያየውን ዝምድና እኛ በአንድ እይታ እናየዋለን። ሚስት ግን ስሟን አትቀይርም። የሚኒስትር ባለቤት ኩባንያ ልታቋቁም ብትመጣ ስሟ ምንም አይነግራችሁም። መጠየቅ ነው ያለው።

መጠየቅ ደግሞ ከባድ ነው፤ ይሉኝታ አለ። አባታችሁን የሚያህሉ ጋሼ ቢሮ መጥተው «ገንዘቡን ከየት አመጡት?» ማለት ያሳፍራል። መላው ጥያቄውን በቅጽ ላይ ማድረግ ነው፤ ለሁሉም ደንበኛ፣ ለሱቅ ባለቤቱም ለባለፋብሪካውም እኩል። «ይቅርታ ጋሼ፣ ለሁሉም የምንጠይቀው ነው፤ እርስዎ ወይም ከቤተሰብዎ በመንግሥት ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ያለ ወይም የነበረ አለ?» ሲባል ማንም አይቀየምም። በአካል መጥቶ የሚቀየም ካለ ያ ራሱ መረጃ ነው።

እስቲ አንድ ነገር በሐሳብ እንሥራ። የ26 ዓመት ልጅ የአስመጪ ድርጅት ባለቤት ሆኖ መጣ እንበል። ካፒታሉ 40 ሚሊዮን ብር ነው። ንግድ ፈቃድና ቲን አለው፣ ሁሉም የታተመ ነው። ግን የሚያናግራችሁ ውክልና የያዘ ሌላ ሰውዬ ነው፤ ልጁ ዝም ብሏል። ስሙን ፈለጋችሁት፣ የትም የለም። እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሁለት የተለያየ ነገር ነው። የገንዘቡ ምንጭ፦ 40 ሚሊዮኑ ከየትኛው አካውንት ገባ? «ከአጎቴ» ሊል ይችላል፣ ደረሰኙም ይኖራል። የሀብቱ ምንጭ፦ አጎቱ ይህን ሁሉ እንዴት አፈሩት? ንግድ ካላቸው የግብር ወረቀታቸው ይታይ። ባለሥልጣን ከሆኑ ደግሞ ፔፑ ልጁ ሳይሆን አጎቱ ናቸው፣ ባለቤቱም ምናልባት እሳቸው ናቸው። ደመወዝና 40 ሚሊዮን አይገናኙም። ቤት ሸጥኩ ካለ ውሉ ከሰነዶች ማረጋገጫ ይምጣ። መልሱ ከተሟላ ሥራውን ተቀበሉ፤ ካልተሟላ አትቀበሉ፤ ጥርጣሬ ካለ ደግሞ ወደ ፋይናንስ ደህንነት አገልግሎት ሪፖርት ይደረጋል።

ሪፖርት ስታደርጉ ለደንበኛው አትንገሩት። ይሄ እኛ ጋ ነውር ይመስላል፣ ግን መንገሩ ራሱ ወንጀል ነው። «አዝናለሁ፣ አሁን አዲስ ሥራ አልይዝም» ብሎ መመለስ ይበቃል።

ውጭ ያለው አሠራር በአጭሩ ይለያያል። በብሪታንያ የሒሳብ ባለሙያ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው ደንብ ይያዛል፣ በኤችኤምአርሲ ወይም እንደ ኤሲሲኤ ባለ የሙያ ማኅበር ይቆጣጠራል። ሰው ከሥልጣን ከወረደ በኋላም ቢያንስ 12 ወር እንደ ፔፕ ይታያል። የማዕቀብ ጥሰት ላይ «አላውቅም ነበር» ማለት ከገንዘብ ቅጣት አያድንም። አሜሪካ ውስጥ ዲሲና ሜሪላንድ ታክስ የምትሠሩ ልጆች የፔፕ ማጣራት ግዴታ እንደ ባንክ የለባችሁም፤ የኦፋክ ግን አለባችሁ፣ ሰነዱንም ከመጋቢት 2025 ወዲህ ለ10 ዓመት ማቆየት ነው። ዱባይ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ወይም በአገሪቱ ዝርዝር ላይ ያለ ሰው ከተገኘ ንብረቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታገዳል፣ ሪፖርቱ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ይገባል።

የትም ሁኑ የትም ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው አንድ ነው። የፈለጋችሁበት ቀን፣ የትኛውን ዝርዝር እንዳያችሁ፣ በየትኛው አጻጻፍ እንደፈለጋችሁ፣ የመጣውን ተመሳሳይ ስም ለምን «እሱ አይደለም» እንዳላችሁ። ስክሪንሾት አንሱት። ዝርዝሮቹ በየሳምንቱ ይቀየራሉ፣ ሰውም ይሾማል፣ ይሻራል፤ ዛሬ ተራ ነጋዴ የሆነ ደንበኛችሁ ከምርጫ በኋላ የፓርላማ አባል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ በዓመት አንዴ፣ የዓመቱን ሒሳብ ስትዘጉ፣ ከነባር ደንበኞቹ ጋር ዝርዝሩን እንደገና አስተያዩት።